የእትዬ ጣት ልክ

መስከረም 19

ለምክትል ጣታችን፣

ጤናሽ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ባለንበት አለን፤ በተለይ እትዬሽ በትክክል ባለችበት ናት። ከአልጋዋ አልተነሣችም፤ ከአልጋዋ ሆና ቤቱን ማስተዳደሯንም አልተወችም።

እዚያ ውጭ አገር ሪባን ፋብሪካ መቀጠርሽን ሳነብላት በደህናው ጎኗ ፈገግ አለች። «ሸሽታ ሸሽታ እዚያው» አለች። ከበሽታው ወዲህ ንግግሯ አጥሯል፤ ስለቱ ግን አልዶለዶመም። እኔም ዕድሜ ልኬን መጽሐፍ ስጠርዝ ኖሬ በስተርጅና የሪባን አበባ ቋጣሪ መሆኔን ረስቼ ልስቅብሽ ዳድቶኝ ነበር።

«የእትዬ አበባ አሁንም ይሠራል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ይሠራል፤ ሹም ሽር ግን ተደርጓል። አንቺ እኛ ቤት ስታድጊ እሷ ቋጣሪ፣ አንቺ ምክትል ጣት፣ እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ አስተያየት ሰጪ ነበርን። አሁን ቋጣሪው እኔ ነኝ፤ ጣቷ እሷ ናት። ቀኝ ጎኗ ከድቷታል። ከግራ እጇም እንደ ልብ የምትታዘዛት ሌባ ጣቷ ብቻ ናት። ስሟ ሌባ ይሁን እንጂ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት።

ወንበሬን ከአልጋው አስጠግቼ ሪባኑን በጆሮ በጆሮ አጥፌ መሐሉን ስቆነጥጥ፣ ጣቷን አምጥታ እምብርቱ ላይ ታሳርፋለች። ክሩን ከነጣቷ አዞርበታለሁ። ድሮ የአንቺ ጣት ሽው ብላ ትወጣ ነበር። የእሷ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው፤ እኔም አልጎትታትም። ስትወጣ እምብርቱ ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል። እንዳይላላ ክሩን ግማሽ ዙር ጨምሬ ከኋላ አስረዋለሁ። ጆሮዎቹ እንደ ድሮው ቀጥ ብለው አይቆሙም፤ ሰው ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው ዘንበል ይላሉ። የምንሸጥለት ባለ አበባ ቤት «ደንበኛው ወዶታል፤ ምን አድርጋችሁት ነው?» ሲለኝ «አዲስ ፋሽን ነው» አልኩት። በሽታ ነው አይባልም።

አንድ ያልጻፍኩልሽ ነገር አለ። ከሆስፒታል እንደወጣች ማንኪያ ሲቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ እኔም አልበላም ብያለሁ፤ ይኼኛውን እንኳ እስከ ምሳ ሰዓት ነው የቻልኩት። አንድ ቀን የታዘዘ አበባ ብቻዬን ልቋጥር ስታገል፣ ክሩን በጥርሴ ነክሼ አየችኝና «አምጣው» አለች። ያን ቀን በላች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ጣቷ ስትፈለግ ትበላለች።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩ ከራስጌዋ ስለሆነ ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም። እሷ መስማት የሌለባትን ነገር ከፊርማሽ በታች ጻፊው፤ ማንበብ የት እንደማቆም አውቃለሁ።

ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ።
የአክስትሽ ባል፣ አዲሱ ተሿሚ

ኅዳር 8

ለጋሼና ለእትዬ፣

ሰላምታዬ እኔን ቀድሞ ይድረሳችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለት ቆሜ እውላለሁ፣ ተኝቼ አድራለሁ ማለት ነው፤ በመሐል ብዙ ነገር የለም።

ያለሁት ማሸጊያ ክፍል ነው። ማሽኑ ሪባን ይተፋል፣ እኛ እንጠቀልላለን። ጩኸቱ ስለማያነጋግር የምንግባባው በጥቅሻ ነው። አጠገቤ የምትቆመው ልጅ በቅንድቧ ብቻ አንድ ሙሉ ሐሜት ጀምራ ትጨርሳለች። በምሳ ዕረፍት በቁርጥራጭ ሪባን የእትዬን አበባ ልሠራ ሞከርኩ፤ ባለ ቅንድቧ ጣቷን አዋሰችኝ። እሷ ቸኮለች ወይ እኔ ቸኮልኩ እንጃ፣ የደነገጠ ጥንቸል መሰለ። ኃላፊያችን አይታው ኖሮ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። እቤት ያለው እንዲህ አይደለም፣ ያኛው ያዳምጣል አልኳት። እስቲ አምጪና ልየው አለች።

ጋሼ፣ አንድ ቢልኩልኝ? በእትዬ ጣት የታሰረ ይሁን። እትዬ፣ ፋብሪካ ሙሉ ሪባን መሐል ቆሜ ያንቺ አንዲት አበባ መናፈቄ ይገርምሻል።

አክባሪ ልጃችሁ

ከፊርማ በታች፦ ከማሸጊያ ክፍል ሰው ሊቀነስ ነው እየተባለ ነው። አንድ የተለየ ነገር የሚያውቅ ይቀራል ይላሉ። እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው የለም።

ታኅሣሥ 3

ለምክትል፣

ደብዳቤሽ በሰላም ገብቷል፤ አንቺንም በሰላም ያስገባሽ፣ በሰላም ያስወጣሽ።

የጠየቅሽው በዚህ ሣጥን ውስጥ አለ። ሲጻፍ ቀላል ነው። እትዬሽ «ውጭ አገር ሰው ሊያየው ነው» ስትባል ዐዋጅ አወጀች። ለአበባ ቤቱ የምንሠራበት ሪባን ተነቀፈ። ከቁም ሣጥኑ ሥር ለማን እንደተቀመጠ ሳይታወቅ ዓመታት የኖረ ውኃ ሰማያዊ ሳቲን በእንብርክኬ አስወጣችኝ። የመጀመሪያውን «ቸኮልክ» ብላ አስፈታችኝ። ሁለተኛውን «አሁን ደግሞ ፈራህ» ብላ አስፈታችኝ። በመጨረሻው ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ ክሩን አዙሬ፣ እንድታወጣት ብጠብቅ ብጠብቅ ዝም። እንቅልፍ ወስዷት ይሆን ብዬ ቀና ስል እያየችኝ ነው።

«ልጅቷ ዘንድ ደርሳ ትመለስ ብዬ እኮ ነው» አለች። ጣቷን ማለቷ ነው። ከዚያ አወጣቻት።

ፖስታ ቤት ያለችው ሴት ሣጥኑን እያገላበጠች ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ጣት ልላት ምንም አልቀረኝ፤ ጣጣው እንዳይበዛ ብዬ አበባ አልኳት። አበባ በፖስታ አይላክም፣ ይጠወልጋል አለች። ይኼ አይጠወልግም አልኳት። ሽማግሌ ሲጃጃል እንደሚታየው አየችኝና ማኅተሟን መታችበት።

ከታች የጻፍሽውን ከታች ተውኩት። ከጠቀመሽ ተጠቀሚበት። ዕውቀት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ብል ከሚበላው ሰው ቢበላበት ይሻላል።

ቀኝ ያውልሽ።
ቋጣሪው

የካቲት 11

ለጋሼና ለእትዬ፣

እንደምን ከርማችኋል? ዝም ያልኩት ጠፍቼ አይደለም፤ የምጽፈው እስኪጠራልኝ ብዬ ነው። አልጠራልኝም።

አበባዋ አንድ ጆሮዋ እንኳ ሳይደፋ ደርሳለች። ባለ ቅንድቧ ባየቻት ጊዜ ቅንድቦቿ እስከ ፀጉሯ ድረስ ወጡ፤ ይህ በእኛ ቋንቋ ትልቅ ምስጋና ነው። ኃላፊዋ በእጇ አልነካቻትም። ከላይ ፎቅ መነጽር ያደረገ ሰው አስጠራች። ሰውየው መብራት ሥር አስቀምጦ፣ ጉጠት በሚመስል መለኪያ እምብርቷን ለካ። ይህ ክፍተት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

አሁን የናሙና ክፍል ነኝ። ወንበር አለው፣ መስኮትም አለው። አበባዋን ለጥቂት ቀን ብለው ወስደዋታል፤ ስትመለስ ከአልጋዬ ራስጌ አንጠለጥላታለሁ።

እድሜ ከጤና ጋር ይስጣችሁ።
ልጃችሁ

ከፊርማ በታች፦ ማሸጊያ ክፍሉን አጎደሉት። የባለ ቅንድቧ ቦታ ባዶ ነው።

ሚያዝያ 6

ለምክትል፣

ለወንበሩና ለመስኮቱ እንኳን አበቃሽ። እትዬሽ «መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?» ትላለች። እኔ ዛፍ አለ ብያታለሁ፤ ከሌለ ዛፍ አስተክይ።

ሰሞኑን ባለ አበባ ቤቱ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ደግነቱ ከበር ላይ ተቀበልኩትና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከድሮው መጠረዣ ክፍሌ አስገባሁት። ካርቶኑ ውስጥ የተጨፈለቁ ሪባኖች አሉ፤ አንዲት ክር ሳብ ሲያደርጋት ብድግ ብላ አበባ ትሆናለች። ሰውየው እንደ ልጅ ደስ ብሎት እያስነሣ እያስነሣ ጠረጴዛዬን ሞላው። ቀለማቸው ውኃ ሰማያዊ ነው። ጆሮዎቻቸው ዘንበል ያሉ ናቸው። እምብርታቸው ላይ ክፍት ቦታ አለ።

አገላብጬ አየኋቸው። በሌላ አገርም አንዲት ጣት ብቻ የምትታዘዛት ሴት አለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሰው መቼም ብቻውን አይደለም።

ባለ አበባ ቤቱ ከእንግዲህ ከእኛ እንደማይወስድ በጨዋ ደንብ ነገረኝ። ልፈርድበት አልችልም። በጊዜያችን ጥሩ ጠራዥ ነበርኩ፤ ማጣበቂያ ሲመጣ እኔንም በጨዋ ደንብ ነግረውኛል። ሲወጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እትዬ እንዴት ናቸው?» አለ፤ ከወዲያኛው ክፍል «ትዕዛዙ ስንት ነው በለው» የሚል ድምፅ መጣ። እኔም እየጮህኩ «ብዙ ነው! ሠርግ በዝቷል!» አልኳት።

እንግዲህ ሠርግ በዝቷል። ጠዋት ጠዋት እንቋጥራለን። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳት መጠረዣ ክፍሌ ገብቼ የቋጠርነውን እፈታለሁ፤ በማግስቱ በዚያው ሪባን እንቋጥራለን። ችግሩ ሪባን የታጠፈበትን አይረሳም። ትናንት በጣቷ ዳበስ ዳበስ አድርጋ «ይቺን ሪባን አውቃታለሁ» አለች። ተመሳሳይ ጥቅል ነው ብዬ አለፍኩት። ሁለተኛ አላልፈውም።

ስለዚህ ከቻልሽ ገንዘብ አትላኪ። ሪባን ላኪልኝ። አንቺ ዘንድ ያለው የትኛውም ይሁን።

ደህና ሁኚልኝ።
የአክስትሽ ባል

ግንቦት 21

ለጋሼ፣

ሰላም ለቤቱ።

ሪባኑ በዚህ ሣጥን አለ። በየቀለሙ ነው። ከውኃ ሰማያዊው አላደረግኩበትም። ሲያልቅ ይጻፉልኝ፤ ባይጽፉም እልካለሁ።

ስለ ካርቶኑ የጻፉትን አንብቤዋለሁ። ደግሜም አንብቤዋለሁ። ልመልስልዎ ፈልጌ ወረቀቱ አለቀብኝ።

መስኮቱ የሚያየው ግድግዳ ነው። ለእትዬ ግን ዛፍ ነው ይበሉልኝ።

ልጅዎ

ሰኔ 14

ለምክትል፣

ሣጥኑ ደርሷል፤ የእጅሽን አይንሣሽ። ወረቀቱ አለቀብኝ ያልሽበት ገጽ ግማሹ ባዶ ነው። ባዶውንም አንብቤዋለሁ። ሌላ አትጻፊበት፤ በቂ ነው።

አዲስ ሪባን ሲገባ እትዬሽ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ማለት በሦስት ትራስ። አሁን ሥራ በዝቶብናል። የሐሰት ትዕዛዝ ባለቤት ያስፈልገዋልና ሙሽራ ማምረት ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ የጎረቤት ልጆችን ዳርኩ። እነሱ ሲያልቁ የባንኩን ገንዘብ ተቀባይ ለጥርስ ሐኪሟ ሰጠሁ። ከዚያ የዘበኛውን ሁለተኛ ጋብቻ፣ ከዚያ የመበለቶች ተራ መጣ። ባለፈው ሳምንት ሳላስተውል አንዱን ሰው ሁለቴ ድሬዋለሁ። እትዬሽ ጣቷን እምብርቱ ላይ እንዳሳረፈች «ያችኛዋን ፈታት?» አለች። አዎ፣ አልተስማሙም አልኳት። «እኔስ ከጅምሩም አላማረኝም ነበር» አለች።

ከተማው በሙሉ አግብቷል፤ የሚቀረው ሐውልቱ ነው። ግን ትበላለች። ብዙ አይደለም፣ ግን ወደ ግድግዳው አትዞርም። ጣቷ ከሌላው ጊዜ ይልቅ ትዘገያለች፤ አንዳንዴ አሳርፋት ቆይታ የምታወጣበትን ትረሳለች፤ እኔም አላስታውሳትም። እንደዚያው ተቀምጠን እንውላለን፤ ለሚያየን ሥራ ላይ ነን።

አምላክ ከዓይን ይሰውርሽ።
ከተማውን የዳረው

ሐምሌ 9

ልጄ፣

ዛሬ ከፊርማ በላይና ከፊርማ በታች የለም። ከእንግዲህ ደብዳቤሽን የማነብላት ሰው የለችኝም። እትዬሽ ሐሙስ ጠዋት ዐርፋለች፤ በስልክ ልልሽ አልሆነልኝም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ከሌላ ሰው ብትሰሚው ያሳምሩታል። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሾርባዋን ትንሽ ቀመሰች። ጠዋት ወንበሬን አስጠግቼ ቀዩን ሪባን አጠፍኩ፤ የጥርስ ሐኪሟ ታናሽ እህት ሠርግ ነበር። ጣቷን አምጥታ አሳረፈች። ክሩን ሳዞር እንዲህ አለችኝ፦

«ሪባን ሲፈታ እኮ ድምፅ አለው።»

እጄ ቀጥ አለ። ከግድግዳው ወዲያ ስፈታ፣ ተኝታለች ስል፣ ስትሰማኝ ኖራለች። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከባንኩ ልጅ ሠርግ» አለች። «ዝም ብለህ አዙር። ሙሽሪት እየጠበቀች ነው።»

አዞርኩ። ግማሽ ዙሩን ጨመርኩ። ጣቷ እስክትወጣ ጠበቅሁ። አልወጣችም። ዘግይታለች ብዬ ብዙ ጊዜ ጠበቅሁ፤ ልማዷ ነዋ። እጇ መቀዝቀዙን ያወቅሁት ጎረቤታችን ገብታ ምን ሆናችሁ ስትለኝ ነው። ያን ቋጠሮ ጎረቤቶች ናቸው በመቀስ የቆረጡት። እኔ ቆሜ ነበር።

ለአበባ ጉንጉኗ ራሴ ልቋጥርላት ፈለግሁ። በጥርሴ ሞከርኩ፣ በልብስ መቆንጠጫ ሞከርኩ፣ መሐሉ ላይ ከባድ መጽሐፍ ጫንኩበት። ለካ የሰው ጣት የሚወጣበትን ጊዜ ያውቃል፤ መጽሐፍ አያውቅም። እንዲያ ስል ባለ አበባ ቤቱ ጉንጉኑን አድርሶ ሄዷል፤ መሐሉ ላይ ከዚያ ከካርቶኑ አንዷን፣ ውኃ ሰማያዊዋን፣ አስሮበታል። ልበጥሳት እጄን ሰደድኩ። ከዚያ ጣቴን እምብርቷ ላይ ላስገባ ሞከርኩ። አልገባም፤ የእኔ ወፍራም ነው። ትንሿ ጣቴም አልገባችም። ልኩ የእሷ ነው።

እዚያው ቆሜ ነገሩን አሰብኩት። እትዬሽ ከሰጠችን ነገር ሁሉ ማሽን ያልረሳው ያንን ብቻ ነው፦ አንዲት ጣት የምታርፍበትን ስፋት። በየሱቁ፣ በየስጦታው፣ በየማያውቋት ሰው እጅ። አበባዋን ከነጉንጉኑ መቃብሯ ላይ ተውኳት፤ ሌላ ትመጣለች ብዬ።

ስለዚህ በሚያዝያ የጻፍኩልሽን ሽሙጥ ተዪው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ሥራውን እንዳያቆሙት። አንቺ ናሙና ክፍል ነሽ፣ ቃልሽ ይሰማል። ማንም እንዳያስተካክለው።

አንቺን ያቁምልኝ።
የአክስትሽ ባል

ሐምሌ 12

ለጋሼና ለእትዬ፣

በእጅጉ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ደብዳቤዬ እስከ ታች ለእትዬ ይነበብ። ከፊርማ በታች የምደብቀው የለኝም።

ባዶውን ገጽ መሸከም አልቻልኩም ጋሼ። ያን ባለ መነጽር ሰውዬ ፎቁ ድረስ ወጥቼ አነጋገርኩት። ያ ክፍተት ፋሽን አይደለም፣ የሰው ነው፣ ከሰው ቤት የመጣ ነው አልኩት። ፈገግ ብሎ ሰማኝ፤ ምንም አልመሰለውም። እንዲህ እንደማያቆሙት ሲገባኝ እርስዎ አይባልም ያሉትን አልኩት። «በሽታ ነው» አልኩት። «የታመመች ሴት ጣት ማውጣት አቅቷት የቀረ ቦታ ነው፤ ገዢዎቻችሁ ቢሰሙ ምን ይላሉ?» ፈገግታው ጠፋ። በማግስቱ ማሽኑ ላይ እንደ ጣት የሚገባውን የብረት ዘንግ ነቀሉት። አሁን የሚወጣው ጥብቅ ነው፣ ጆሮው ቀጥ ያለ፣ የደነገጠ ጥንቸል። መጋዘን የነበረውን የድሮውን በሙሉ ቀድደው ጣሉት። በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ማሸጊያ ክፍል መልሰውኛል። ይሁን።

ናሙናዋን መልሱልኝ ስላቸው፣ ውስጧን ለማየት ያኔውኑ ፈትተዋት ኖሯል። ሪባኑን ግን አገኘሁት። ተጨማዶ ነበር፤ በደንብ ተኩሼ፣ አንድ መስመር ሳይቀርበት ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

እትዬ፣ ልጅቷ ዘንድ ደርሳ ትመለስ ብለሽ ነበር። ይኸው፣ ጣትሽ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ከእንግዲህ ማንም ዘንድ የለችም።

እግርሽን የምስም
ልጅሽ

መስከረም 2

ለልጄ፣

አዲሱ ዓመት ለአንቺ ይቅለልሽ። ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ሳይተያዩ ተላልፈዋል፤ ይህን ሳታውቂው አልቀረሽም። የእኔ ከደረሰሽ ወዲህ ዝም ማለትሽን ሰምቼዋለሁ። አታልቅሺ፣ ወይም አልቅሺና ሥራሽን አትቅሪ። እንደዚያ አድርጎ የተሟገተልኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ሙግቱን አሸነፍሽ፤ እሱ ነው ነገሩ።

መቃብሩ ዘንድ ሄጄ ነበር። የደረቀ ጉንጉን በሙሉ ጠርገው አቃጥለውታል፤ ንጹሕ ሠራተኞች ናቸው። ባለ አበባ ቤቱም ዘንድ ሄድኩ። ካርቶኑ አዲስ ነው። አንዷን አስነሥቶ ሰጠኝ፤ ሰላላ ቅጠል እንኳ መሐሏ አይገባም። አሁን ተሻሽሏል አለኝ። አዎ፣ ተሻሽሏል አልኩት።

የተኮስሽው ሪባን ደርሶኛል። እንዳልሽው አንድ መስመር የለበትም። እትዬሽ ብትዳብሰው አታውቀውም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወንበሬን ከአልጋው አስጠጋሁ። የዚያን ሪባን ጆሮዎች አጠፍኩ፣ መሐሉን ቆነጠጥኩ፣ ከዚያ ደብዳቤ እንዳልጻፍኩልሽ ትዝ አለኝ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ፤ ወረቀቱን የሚይዝልኝ የለም፣ በሌላው እጄ ሪባኑን ይዣለሁ። ጆሮዎቹ ዘንበል ብለዋል። ብለቅቀው ይፈታል፤ እስካሁን አለቀቅኩትም።

ብዙ ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ። ደብዳቤ አጥፎ ፖስታ ውስጥ ለመክተት ግን ሁለት እጅ ያስፈልጋል።

የአክስትሽ ባል